ለሁለት እስረኛ አንድ ድስት

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

የእህቴ የገነቴ ልጅ ራሔል ለክረምት ከሐዋሳ መጣች። ኢኮኖሚክስ ነው የምታጠናው። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ሰው ለአጎቱ ሸሚዝ ያመጣል፤ እሷ ያመጣችልኝ አርባ ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው። «አንተ ሰው ማጭበርበር ስለምትወድ ይሄ ይሆንሃል» ብላ የጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው። የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ይባላል አለችኝ። እግር ኳስ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

አይደለም። እኔ የማገኘው አንተ በምታደርገው ላይ ሲንጠለጠል፣ አንተም የምታገኘው በእኔ ላይ ሲንጠለጠል፣ ሁለታችን ምን እናደርጋለን ነው ነገሩ። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ሞተር የተማርኩት ፈትቼ በመበተን፣ እንግሊዝኛ የተማርኩት የመለዋወጫ ካርቶን በማንበብ ነው። ሦስት ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ግን ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳደርገው የኖርኩት ነገር ስም እንዳለው አላውቅም ነበር።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

ዛሬ ሙከራ አደረግሁ። የራሔል ወንድም ኪሩቤልና ጓደኛው ናስረዲን ባጃጃቸውን ሊያጥቡ መጡ። በጋራ የገዟት ናት፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት ይነዳታል። ናስረዲን የጎረቤቴ የፈትሁዲን ልጅ ነው። ፈትሁ መለዋወጫ ይሸጣል፤ የእሱን ሱቅና የእኔን ጋራዥ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው፣ ሠላሳ ዓመት በዚያ ቆርቆሮ አሻግረን ስንሰዳደብ ኖረናል።

ሁለቱን ጀርባና ጀርባ አስቀመጥኳቸው። እስረኞች ናችሁ አልኳቸው። ሁለታችሁም ዝም ካላችሁ አንዳንድ ብስኩት። አንዱ «እሱ ነው» ብሎ ጓደኛውን ካጋለጠ ለእሱ ሦስት፣ ለጓደኛው ባዶ። ሁለታችሁም ካጋለጣችሁ ግማሽ ግማሽ። ወረቀቱ እንደሚለው ብልጥ ሰው ያጋልጣል፤ ሌላው ምንም ቢያደርግ ለእሱ የሚሻለው ማጋለጥ ነውና።

አሥር ጊዜ ጠየቅኋቸው። አሥር ጊዜ ዝም። በሰባተኛው ናስረዲን አፉን ሲከፍት ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አዛጋ።

«እናንተ ሰዎች ሳይንስ ታበላሻላችሁ» አልኳቸው።

«ብስኩቱ የሻገተ ነው ጋሼ፣ ሦስት ብናገኝ ምን እናደርገዋለን?» አለ ኪሩቤል።

በመሃል ፈትሁ ከቆርቆሮው ማዶ ጮኸ፤ «ተስፋዬ! ጎሚኒህ መጥታለች!»

«ነገ እወስዳታለሁ! ሳይንስ ላይ ነኝ!»

ራሔል ጎሚኒ ምንድን ናት አለችኝ። የፍሬን ዘይት እንዳያፈተልክ የምትይዝ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ላስቲክ ናት አልኳት። ባለፈው ወር ከተማው ውስጥ ስለጠፋች የባጃጃቸውን አሮጌዋን አጥቤ፣ ገልብጬ ገጥሜላቸዋለሁ። ለሁለት ሳምንት ትሄዳለች ብያቸው ነበር።

ሐምሌ 12፣ አርብ

ኪሩቤል ታስሯል። ናስረዲንም። ሴት ገጭተዋል። ከመናኸሪያው በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ። ዝናብ ነበር። ሴትየዋ በሕይወት አለች። ገነቴ እየጮኸች ነው። ልሂድ።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ሴትየዋ ትርፊት ትባላለች። ከገጠር፣ ከሀቢቾ፣ ቅቤ ይዛ ለገበያ መጥታ ነው። እግሯ ክፉኛ ተሰብሯል። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው አንስተው በሌላ ባጃጅ ሆስፒታል ያደረሷት፤ ፖሊስ እዚያው በር ላይ ነው የያዛቸው። የዓይን ምሥክር የለም ማለት ይቻላል፤ ሰው ሁሉ ሸራ ሥር ተጠልሎ ነበር። መሪውን ማን እንደያዘ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። «ማን ነበር የሚነዳው?» ሲባሉ ሁለቱም የሚመልሱት አንድ ነው፤ «አብረን ነበርን»።

በጣቢያው አጥር በኩል ኪሩቤልን አገኘሁት። ሸሚዙ ላይ የሰው ደም አለ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ አልያዘም።»

ፖሊሱ ሰምቶ እንደሆነ ዞሬ አየሁ።

«ለማንም አልተናገርንም። አንተም ዝም በል» አለኝ።

ደንግጧል። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው እግሩ የት እንዳረፈ አያውቅም፤ ነዳጁን ረግጦ ፍሬን የረገጠ ይመስለዋል። ስንቱን አይቻለሁ።

ባጃጇ በጣቢያው ግቢ ቆማለች። በአጠገቧ ሳልፍ አየኋት። ቦይ ውስጥ ስትገባ የፍሬኑ ቱቦ ተበጥሷል፣ ዘይቱ ፈስሶ አልቋል። ከዞን ባለሙያ መጥቶ ያያታል አሉ። ከዚያ ቱቦ ማንም ምንም አያውቅም። ይህን ለምን እንደምጽፍ እንጃ።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ

ጣቢያው ምግብ አይሰጥም፣ ቤተሰብ ነው የሚያቀርበው። ገነቴና የናስረዲን እናት ሃቢባ ሳይነጋገሩ ተራ ገቡ፤ አንድ ቀን የገነቴ ድስት፣ አንድ ቀን የሃቢባ። አንድ ድስት ለሁለቱም። እኛ ካቶሊክ፣ እነሱ እስላም፤ አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ ሁለቱም ሥጋ የሚባል ነገር አያስገቡም። ጎመን በቆጮ፣ ሽሮ፣ ድንች። ልጆቹ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። የበሩ ፖሊስ ድስቱን ያመጣው ሰው እንዲቀምስ ያደርጋል፤ እኔ ሁልጊዜ ትልቅ ጉርሻ ስለምቀምስ «ጋሽዬ፣ ለእስረኞቹም ትንሽ ይትረፍ እንጂ» ይለኛል። በሦስት ቀን ውስጥ የሳቅኩት በዚህ ብቻ ነው።

ገነቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለ ኪሩቤል ሰው የላትም። እኔ አለሁ፤ እኔ ግን እኔ ነኝ።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

ቆሜ ነው የምጽፈው።

መርማሪው ሳጅን ገብረ ሥላሴ ዛሬ ሁለቱን ለየብቻ ጠርቶ አነጋገራቸው። ኪሩቤል ነው የነገረኝ። «ማን እንደነዳ ንገረኝና አንተ በዋስ ቤትህ ግባ። ጓደኛህ ቀድሞ ከነገረኝ ግን አንተን አላውቅህም።» ያንኑ ቃል ለናስረዲንም ብሎታል።

ገጽ ዘጠኝ! ቃል በቃል የገጽ ዘጠኝ እስረኞች! ወረቀቱን ይዤ ወደ ራሔል ሮጥኩ። ሠንጠረዡን ሠራሁላት። ሁለቱም ዝም ካሉ ሁለቱም እዚያ ይበሰብሳሉ። አንዱ ከተናገረ እሱ ይወጣል። ስለዚህ አንዱ መናገሩ አይቀርም። ስለዚህ የሚናገረው ኪሩቤል መሆን አለበት። የነዳው ናስረዲን ነዋ፤ አደጋው ከሰዓት ነው የደረሰው፣ ከሰዓት ተራው የናስረዲን ነው። እውነት ከመናገር ምን የቀለለ ነገር አለ?

ራሔል ሠንጠረዡን ረጅም ጊዜ አየችው።

«አጎቴ፣ የወረቀቱ እስረኞች ጓደኛሞች አይደሉም። ከእስራቱ ዓመት ሌላ የሚያሳስባቸው ነገር የለም። መጀመሪያ ተጫዋቹን ሁሉ ቁጠር፣ ከዚያ እያንዳንዱ ምን እንደሚፈልግ ጻፍ ነው እኮ የሚለው።»

«ቆጠርኩ። ሁለት ናቸው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወንድምሽ ታስሮ አታፈላስፊብኝ» ብዬ ጮህኩባት። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም። ከዚያ ላስቃት ሞከርኩ። አልሳቀችም።

ሐምሌ 19፣ አርብ

ፍርድ ቤት ለፖሊስ ተጨማሪ አሥራ አራት ቀን ፈቀደ። ኪሩቤል ከስቷል። ሲያስል ሰማሁት። የዞኑ ባለሙያ መጥቶ ባጃጇን አይቶ ሄደ አሉ፤ «በግጭቱ ስለተጎዳ ማወቅ አልተቻለም» ብሎ ጻፈ።

ትርፊትን ዛሬ ቀዶ ሕክምና አስገቧት።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

ዋሸሁ። ልጽፈውና ይውጣልኝ።

በአጥሩ በኩል ኪሩቤልን ጠርቼ፣ «ፈትሁ ከአዲስ አበባ ጠበቃ ቀጥሯል። ናስሩ ነገ ቃሉን ይሰጣል። አንተ ነህ የነዳኸው ሊል ነው። ቅደመው» አልኩት። ፈትሁ ጠበቃ አልቀጠረም። ፈትሁ ሱቁን ዘግቶ መስጊድና ጣቢያ ከመመላለስ በቀር ያደረገው ነገር የለም።

ኪሩቤል ሳቀ። ከታሰረ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ጋሼ፣ ስትዋሽ ጆሮህን ትነካለህ።»

እጄ እውነትም ጆሮዬ ላይ ነበረች።

«ለምን ዝም ትላለህ? ለማን ብለህ?» አልኩት።

አየኝ። እንዲህ ያለ አስተያየት ከዚህ ልጅ አይቼ አላውቅም፤ ሰው የታመመ ልጅን እንዲህ ነው የሚያየው። «አንተ ሂድና እማዬን አጽናናት» አለኝ።

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ

ገጽ ሃያ አንድ። ወሬ ርካሽ ነው ይላል፤ ማንም ያወራል፣ ስለዚህ ማንም አያምንም። የሚታመነው ዋጋ የሚያስከፍል ምልክት ነው። አድርገኸው ልትመልሰው የማትችለው ነገር።

ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። አንድ ደንበኛ ፍሬኑን እይልኝ ብሎ ሞተር ብስክሌት አመጣ። ሥራ በዝቶብኛል አልኩት። ጋራዡ ባዶ ነበር።

ሐምሌ 26፣ አርብ

አንድ ኪሎ ሥጋ ገዛሁ፤ ከኛ ከክርስቲያኖቹ ሥጋ ቤት።

ገነቴ ስታየው እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ናስሩስ?»

«እናቱ አለችለት። ልጅሽን ያስለዋል፤ ሥጋ ይብላ።»

«ወንድምዬ፣ ከአንድ ሳህን እኮ ነው የሚበሉት።»

«ገነቴ፣ ልጅሽ እንዲወጣ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

ጠበሰችው። እንባዋ ይወርድ ነበር፣ ሽንኩርቱ ነው አለች። ድስቱን ራሴ ወሰድኩት። የበሩ ፖሊስ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ቅመስ አለኝ። ቀመስኩ። ዛሬ አልቀለደብኝም። እሱም የሀገሩ ልጅ ነው፣ ድስቱ ምን እንደሚል ገብቶታል።

በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ናስረዲን እንደ ልማዱ እጁን ታጥቦ ቀረበ። ኪሩቤል ክዳኑን አነሳ። ሁለቱም ሥጋውን አዩት። ኪሩቤል ክዳኑን መልሶ ገጠመና ድስቱን ጥግ ላይ ላሉት ሌሎች እስረኞች ገፋላቸው። ናስረዲን ግን ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ምልክቱ ደርሷል። ወረቀቱ ልክ ነው። ድስቱን ሳልቀበል ተመለስኩ።

ሐምሌ 28፣ እሑድ

ሃቢባ ትናንት አልመጣችም። ዛሬ የብቻዋን ድስት ይዛ መጣች፣ ለልጇ ብቻ። በር ላይ ተገጣጠምን። ሁልጊዜ «ጋሽ ተስፋዬ እንዴት አደሩ» ትለኛለች፣ እኔም «በአንቺ ጸሎት እንጂ በቄሱ ተስፋ የለኝም» እላታለሁ። ዛሬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ አለፈች።

ቅዳሴ ላይ አባ ስለምን እንደሰበኩ አላስታውስም።

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ

ናስረዲን ተናገረ። ኪሩቤልን አላጋለጠም። ራሱን ነው ያጋለጠው። «የነዳሁት እኔ ነኝ፣ ኪሩቤል ከኋላ ነበር የተቀመጠው» ብሎ ፈረመ።

ኪሩቤል ነገ ይወጣል።

አሸነፍኩ ማለት ነው።

ነሐሴ 2፣ ሐሙስ

ኪሩቤል ቤት ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ፣ ከቆርቆሮው ማዶ ብቻ ድምፅ አልነበረም። እኔ «ቆዳህ ነጥቷል፣ እዚያ ሳሙና ይሰጣሉ እንዴ?» ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብሎም አላየኝም። የቀረበለትን አልነካም።

ነሐሴ 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጋራዡ መጣ። ቆሞ ነው ያወራኝ።

«ናስሩ ምን ብሎ እንደፈረመ ታውቃለህ?»

«እኔ ነኝ የነዳሁት ብሎ።»

«በፍጥነት ነድቼ ነው ብሎ ፈረመ። ቁልቁለቱን በፍጥነት ወረድኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ። ናስሩ! መንጃ ፈቃዱን ካወጣ ጀምሮ ሴቶች እንኳ በእግራቸው የሚቀድሙት ናስሩ!»

እጄን በጨርቅ ጠረግኩ።

«ሆስፒታሉ በር ላይ ነው የተማከርነው፣ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት። ማን ነዳ የሚለውን ከመለስን ቀጥሎ የሚመጣው ለምን አልቆምክም ነው። ለምን አልቆምክም ከተባልን ፍሬኑ ይመጣል። ፍሬኑ ከመጣ ማን ሠራው ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውንም አንመልስም ተባባልን። አንተ ሽማግሌ ነህ፣ እዚያ ውስጥ አትችለውም አለኝ ናስሩ። ያለው እሱ ነው ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም። እኔ እንዲያውም ተናድጄብህ ነበር።»

ጠረጴዛዬ ላይ ፎቶ ኮፒው ነበር። አንስቶ አገላበጠው፣ መልሶ አስቀመጠው፤ እንደማይጠቅም ዕቃ።

«ሥጋውን ስናይ እናንተ ቤተሰቦች የተለያያችሁ መሰለው። የተቸገረችው እናትህ ናት፣ ግባ ቤትህ አለኝ። ከቀናት በኋላ አስጠራቸውና ፈረመ። የፍሬኑን ነገር ያን ጊዜም አልተናገረም።»

ከሄደ በኋላ አንድ ነገር ለመፍታት ሞከርኩ። ቁልፉን መልሼ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ ስምንት የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩ። ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አሥራ ሁለት ሁለት ሳምንት አይደለም። በዚህ ደብተር ላይ ስንት ገጽ ጽፌ ይህን አንድ መስመር እንዳልጻፍኩት አየሁ፤ ፍሬኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሳልጨርስም ተውኩት።

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

ሆስፒታል ሄድኩ። ከአደጋው ወዲህ ገነቴ ሦስቴ ሄዳለች፣ ሃቢባ በየቀኑ። እኔ ዛሬ ገና።

የትርፊት እግር ከጉልበቷ በታች ተቆርጧል። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ አሮጊት አድርጌ ነበር የምስላት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። በሀዲይኛ ተጫወትን። የማን ዘመድ ነህ አለችኝ።

«ከልጆቹ የአንዱ አጎት ነኝ።»

«የትኛው?»

«የሁለቱም» አልኳት።

«ያ የሚነዳው ልጅ ይጮህ ነበር» አለች። «ዞር በሉ! ዞር በሉ! እያለ ከሩቅ ነው የጀመረው። እኔ ቅቤዬን ላንሳ ስል ነው። ፖሊሱ መጥቶ በፍጥነት ሲነዳ ነበር ወይ አለኝ። እንደ እብድ የሚነዳ ሰው እንዲህ ይጮኻል እንዴ? የሚለምን ነው የሚመስለው።» ከዚያ እጄን አየች፤ ጥቁሩ ዘይት ከጥፍሬ አይለቅም። «ሠሪ ነህ? ባጃጅ እንዲህ አልቆም የሚለው ምን ሲሆን ነው?»

«ብዙ ነገር አለ» አልኳት።

ብዙ ነገር አለ አልኳት! የሰው እግር ወስጄ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ብዙ ነገር አለ።

ብርቱካኗን ልጣልኝ አለችኝ። ላጥኩላት። ወጣሁ።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

ፈትሁ መጣ። ሠላሳ ዓመት በቆርቆሮው ነው የምንነጋገረው፤ ዛሬ በበር ዞሮ ገባ። በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሳልፈታው አወቅኋት።

«ሐምሌ ስምንት ገባች። ሦስቴ ጠርቼሃለሁ።»

«ሦስቴ?»

«ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ። ሐሙስ ዕለት ለልጆቹ በሠንጠረዥ ስታስተምር ነበር።»

«ታውቅ ነበር ማለት ነው። ለምን ለሳጅኑ አልነገርከውም? ልጅህን ያወጣልህ ነበር።»

«ልጄ በአላህ አስምሎኛል።» ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ፣ «ያቺን ሥጋ የገዛት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ገነቴ መስላኝ ነበር። እናት ናት፣ ጭንቅ ያስደርጋል ብዬ ይቅር ብያት ነበር።» ራሱን ነቀነቀ። «ተስፋዬ፣ አንተ እኮ በዚህ ሁሉ ውስጥ ስትሮጥ ልጆቹን ለማዳን መስሎኝ ነበር።»

ስድብ ቢሰድበኝ ምን ነበረበት። ስድቡን እችለዋለሁ።

ነሐሴ 10፣ አርብ

ለራሴ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ብናገር፤ እታሰራለሁ፣ ጋራዡ ይዘጋል፣ ገነቴ ሌላ የሚረዳት የላትም፣ ትርፊት እግሯ አይመለስም። ዝም ብል፤ ናስረዲን ይፈረድበታል፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል። በወረቀቱ ሕግ ዝም ማለት ይሻለኛል። ሦስት ጊዜ ደምሬ አየሁት፤ ሦስቴም ዝም ማለት ይሻለኛል።

ለራሔል አሳየኋት። ኪሩቤል ነግሯታል፣ ሁሉንም ታውቃለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ ጣቷን በናስረዲን ሳጥን ላይ አድርጋ፤ ውስጡ ለእሱ የሚሆነውን ነገር አልጻፍኩም። ባዶ ነው።

«ለእሱ ስንት ልበል? አላውቅም» አልኳት።

«እሱ ለአንተ ስንት እንዳለ ግን ታውቃለህ።»

ነሐሴ 12፣ እሑድ

ለገነቴ ነገርኳት፣ ነገ እሄዳለሁ ብዬ። እግሬ ላይ ወደቀች። «ልጄ ገና መውጣቱ ነው፣ አንተን ደግሞ አልሰጥም! የፈረመው በፈቃዱ ነው፣ ማን አስገደደው?» አለችኝ። ኪሩቤል በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እናቱን አነሳት። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ። «እዚያ ይበርዳል» አለ።

ፈርቻለሁ። ሐምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ማሾፍ እንጂ ሌላ የምችለው ነገር የለም፣ እዚያ ደግሞ የሚስቅልኝ ሰው የለም።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

ሳጅን ገብረ ሥላሴ ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ነበር።

«ማን ጠራህ?»

«ማንም።»

«የልጃችሁ ነገር እኮ አልቋል። ያኛውም አምኖ ፈርሟል።»

«በፍጥነት አልነዳም። ፍሬን አልነበረውም። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አሮጌ ጎሚኒ አገላብጬ እንደገጠምኩ፣ ለሁለት ሳምንት እንዳልኩ፣ አዲሷ መጥታ ሳላነሳት እንደቀረሁ ነገርኩት። አዲሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። በጣቱ አንከባለላት።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ለምን ቀድመህ አልመጣህም?»

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፣ ረጅም ነበር። «አላውቅም» አልኩት፤ ጻፈው። ልጁም ቃሉን ካላስተካከለ የእኔ ብቻውን አይበቃም፣ በነገው ቀን እጠይቀዋለሁ አለኝ። ከዚያ ቀበቶዬንና ስልኬን ተቀበለኝ። ደብተሩንና እስክሪብቶዬን ተወልኝ።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ናስረዲን ስገባ ከተጋደመበት ቀና አለ። አላመነም። ኪሩቤልን ያመጡት መስሎት ከኋላዬ ተመለከተ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ተናገርኩ።»

እንዲህ ይቆጣል ብዬ አልጠበቅኩም። «ለምን? ሠላሳ ቀን! እኔ ጨርሼው ነበር እኮ! ማን ጠየቀህ?» እያለ ጮኸ። ሌሎቹ እስረኞች ወደ እኛ ዞሩ። «እኔ ወጣት ነኝ፣ ቢፈረድብኝ እወጣለሁ። አንተ ምን ልትሆን ነው?»

«ሥጋውን የገዛሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ገነቴ አይደለችም። ኪሩቤልም አያውቅም ነበር። እኔ ነኝ።»

ተቀመጠ። ረጅም ጊዜ የገዛ እጁን ሲያይ ቆየ። ውጭ ዝናቡ ጀመረ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይደበድብ ነበር።

«ነገ ይጠሩሃል» አልኩት። «እንደነበረው ተናገር ናስሩ። ፍሬኑን ረገጥክ፣ አልያዘም። ሌላ ነገር አልለምንህም።»

«ትርፊትን አይተሃታል?»

«አይቻታለሁ።»

«እንዴት ናት?»

ነገርኩት። እግሯን አያውቅም ነበር፤ ማንም አልነገረውም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልነካው እጄን ዘረጋሁና መለስኳት።

የምተኛበት ቦታ ሳጣ ቆሜ ቀረሁ። ያለችው ባዶ ቦታ በሩ ሥር ናት፣ ውሃ ይገባባታል፣ ሲሚንቶው ረጥቧል። ጃኬቴን እዚያው ላነጥፍ ጎንበስ ስል ናስረዲን ሳያየኝ ተናገረ።

«ጋሼ፣ አንተ ወደ ግድግዳው ሂድ።»

ተነስቶ ምንጣፉን ለእኔ ተወና ራሱ በሩ ሥር ተጋደመ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ነገ ምን እንደሚል አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።